ከመግባቱ በፊት ወይስ ከገባ በኋላ? የሚዲያዊኪ የኮድ ግምገማ ለውጥ ከመካነ ሰላም ሲታይ

አንድ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክት የኮድ መገምገሚያ መሣሪያ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው የአጠቃቀም ቅለትን ነው። ምርጫው ግን ሌሎች ሁለት ጉዳዮችንም አብሮ ይወስናል፤ እነርሱም ስሕተት የሚያዝበት ጊዜና በግምገማው ሊሳተፍ የሚችለው ሰው ናቸው። የአማርኛ ውክፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌር ያለፈበት ለውጥ ሁለቱንም ያሳያል።

ሚዲያዊኪ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ኮዱን ያስቀምጥ የነበረው ሰብቨርዥን በተሰኘ ሥርዓት ነው። ፈቃድ ያለው ሠሪ ለውጡን በቀጥታ ወደ ዋናው ኮድ ያስገባል፤ ግምገማው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነበር። ገምጋሚው ጉድለት ሲያገኝ «ይታረም» የሚል ምልክት ያደርግበታል፤ ጉድለቱ ግን በዋናው ኮድ ውስጥ ይቆያል፤ ሌሎችም በላዩ ላይ ይገነባሉ። ያልታየው ለውጥ እየተከመረ አዳዲስ እትሞችን እስከ ማዘግየት ደረሰ። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2012) ፕሮጀክቱ ወደ ጊት ተዛወረ፤ ጌሪት የተባለውንም መገምገሚያ ተቀበለ። ጌሪት በጉግል ለአንድሮይድ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከኔዘርላንዳዊው ንድፍ ባለሙያ ከጌሪት ሪትቬልት ነው።

ጌሪት ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ለውጡ በመጠባበቂያ ስፍራ ይቆማል፤ ገምጋሚዎች ከ−2 እስከ +2 ድምፅ ይሰጡበታል፤ +2 ሳያገኝ ወደ ዋናው ኮድ አይገባም፤ −2 የተሰጠውም ሰጪው እስካላነሣለት ድረስ እንደ ታገደ ይኖራል። ክምሩ ግን ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ቀድሞ ጉድለቱን ይሸከም የነበረው የሶፍትዌሩ ተጠቃሚ ነበር፤ አሁን መጠበቅን የሚሸከመው ለውጡን ያቀረበው ሰው ነው። ገምጋሚዎች የማያውቁት ጀማሪ ሲሆን ሸክሙ ይከብዳል።

ወደ አማርኛው ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በገጾቹ ላይ የሚታዩት ቃላትና ትእዛዞች ትራንስሌትዊኪ በተባለ ድረ ገጽ ይተረጎማሉ፤ አንድ ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም ሰብስቦ ወደ ጌሪት ይልካቸዋል፤ ራሱም ያጸድቃቸዋል። ኮድ በጥብቅ በር ሲያልፍ የአማርኛው ጽሑፍ ሳይነበብ ያልፋል ማለት ነው። አሠራሩ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎችን የሚያነብ የገምጋሚ ቡድን ከየትም አይገኝም። የፋይሉን ቅርጽ ማሽን ይመረምራል። በአራት ነጥብ (።) ፈንታ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሁለት ነጥብም (፡፡) ለዓይን ተመሳሳይ ለኮምፒዩተር ግን የተለየ በመሆኑ ማሽን ሊለየው ይችላል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በፍለጋ ይገናኙ ወይስ አይገናኙ የሚለውን ግን የሚወስነው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው።

የማያውቅ ገምጋሚ ትክክለኛውን ኮድ ስሕተት ነው ብሎ ሊመልስም ይችላል። የዩኒኮድ ኮንሶርቲየም የሚያሳትመው የቋንቋዎች መረጃ በአማርኛ ዜሮን ከአንድ ጋር በነጠላ ይመድባል፤ እንግሊዝኛ ዜሮን ከብዙ ይቆጥራል። ከ12 የሚበልጥ የወር ቁጥር የሚቀበል ኮድም ጳጉሜንን ለማያውቅ ሰው ግልጽ ጉድለት ይመስላል።

እንግዲህ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የጎደለው አማርኛ አንባቢ ገምጋሚ ነው፤ እርሱም መካነ ሰላም ላይ አይጠፋም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ካምፓስ አለው። እንቅፋቱ ግንኙነት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። የመሣሪያ ምርጫ መመዘን ያለበትም በዚህ ሁኔታ ነው።

ጊት ለውጥን ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል። ጌሪት ለውጡን የሚያውቅበት መለያም አስቀድሞ በተጫነ ትንሽ ስክሪፕት አማካይነት በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ ይፈጠራል። ስለዚህ ሥራው በፍላሽ ተጭኖ በአቀስታ በኩል ደሴ ቢደርስና በዚያ ያለ ባልደረባ ቢልከው፣ የሠሪው ስም ከላኪው ተለይቶ ይጠበቃል፤ ከሳምንት በኋላ የታረመው ሲመጣም የያው ለውጥ ሁለተኛ ቅጂ ሆኖ ይመዘገባል። ከ3.0 እትም (እ.ኤ.አ. 2019) ወዲህ ደግሞ ጌሪት አስተያየቱንና ድምፁን በዚያው በጊት ማከማቻ ውስጥ ያኖራል፤ በአንድ የግንኙነት ሰዓት አውርዶ በኋላ ማንበብ ይቻላል፤ ለንባብ የማይመች ጥሬ ጽሑፍ ቢሆንም። በጊትሃብ ግን አስተያየቱ የሚቀመጠው ከኮዱ ተለይቶ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው።

ጌሪት ሰርቨርና አስተዳዳሪ ይፈልጋል። ለሦስት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ መትከሉ ትርፍ ድካም ነው፤ የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች እንደሚያደርጉት ለውጥን በኢሜይል መላላክ ለእነርሱ ይበቃል። ሥራው ሰፍቶ ጽሑፉ ከኮዱ ጋር ሲበዛ ግን ጌሪት አንድ ብልጫ አለው፦ ፕሮጀክቱ የራሱን የድምፅ ዓይነት መጨመር ይችላል። «አማርኛ» የሚባል ድምፅ ተፈጥሮ ለቋንቋው አዋቂዎች ብቻ ቢሰጥ፣ ያዡ ፕሮግራም ጸሐፊ መሆን አያስፈልገውም፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይበቃል። ድምፁ ግዴታ ከሆነ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሥራው ሁሉ ይቆማል። ተቃውሞ ብቻ እንዲያግድ ከተደረገ ሥራው ይቀጥላል፤ በእነዚያ መስመር በሌለባቸው ሳምንታት የሚገባው አማርኛ ግን አሁን በፕሮግራሙ እንደሚጸድቀው ሁሉ ሳይነበብ ይገባል።