«ልጄ ጨዋ ነው፣ ከቤት አይወጣም»፦ ይሄ ደስ ሊለን ነው ወይስ ሊያሳስበን?



ከከተማ እናቶች ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። ስለ ልጃቸው ስጠይቅ «ዶክተር፣ የኔ ልጅ ጨዋ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ስልክ ይዞ ቁጭ ነው» ይሉኛል፣ ደስ እያላቸው። እኔ ደግሞ ቀጥዬ «በቀን ምን ያህል ይሮጣል?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንዲህ ይላል፦
👉 ከ5 እስከ 17 ዓመት፦ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን ቶሎ ቶሎ የሚያስመታ እንቅስቃሴ። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንደ ሩጫና ዝላይ ያለ ጠንከር ያለ ነገር።
👉 ከ3 እስከ 4 ዓመት፦ በቀን 180 ደቂቃ፣ ከዚህ ውስጥ 60ው ጠንከር ያለ። ስክሪን ከ1 ሰዓት አይብለጥ።

60 ደቂቃው በአንዴ መሆን የለበትም፤ ተቆራርጦም ይደመራል።

ለምንድነው ይሄ ሁሉ? አጥንታችን አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያጠራቅመው እስከ 20ዎቹ መጀመሪያ ባለው ዕድሜ ነው፤ ያኔ ያልተቆጠበውን በኋላ መተካት ይከብዳል። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ይወስዳል፤ ስለዚህ ለስኳርና ለደም ግፊት የመጋለጥ ዕድል ይቀንሳል። ውጭ በቀን ብርሃን የሚጫወት ልጅ የሩቅ ማየት ችግር የመያዝ ዕድሉም ያንሳል። እንቅልፉም ትኩረቱም ይሻሻላል።

አሁን ወደኛ ሰፈር እንምጣ። አቀስታና መካነ ሰላም ዙሪያ ከገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር፣ ከብት የሚጠብቅ፣ ውሃ የምትቀዳ ልጅ 60 ደቂቃውን ገና በጠዋቱ ይጨርሱታል። ለነሱ የሚያስፈልጋቸው በቂ ምግብ፣ እረፍትና የጨዋታ ጊዜ ነው እንጂ ተጨማሪ ስፖርት አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴም ልጅ ሆኖ ከአሰላ አቅራቢያ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ችግሩ ያለው ቤተሰቡ ከተማ ሲገባ ነው። ትምህርት ቤቱ በባጃጅ፣ ውሃው ከቧንቧ፣ ጨዋታው በስልክ ይሆናል፤ የልጁ አካል ግን ያው የድሮው አካል ነው።

«ብርድ ይመታዋል» የምትሉም አላችሁ። ደጋ ነው፣ ይገባኛል። ግን ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ የሚተላለፈውም ተዘግተን በተፋፈገ ቤት ስንቀመጥ ይብሳል። ደረብ አድርጋችሁ አልብሱትና ይውጣ። አስም ያለበት ልጅም መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ እየተጠቀመ መጫወት ይችላል።

ምን እናድርግ?
✅ ትምህርት ቤቱ ቅርብና መንገዱ ደህና ከሆነ አብራችሁ በእግር ሂዱ።
✅ አባሮሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ የጨርቅ ኳስ፦ ወጪ የላቸውም።
✅ ክረምት ሲሆን ቤት ውስጥ ሙዚቃ ክፈቱና እስክስታ!
✅ አዲስ አበባ ያላችሁ መንገድ ለተሽከርካሪ ሲዘጋ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ።
✅ ሴት ልጆችን «አሁንማ ትልቅ ሆነሻል» ብለን አናስቀምጣቸው። በዓለም ዙሪያ ከወንዶች ያነሰ የሚንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው፤ አጥንታቸው ግን እኩል ያስፈልገዋል።
✅ ሩጫን ቅጣት አታድርጉት። የተጠላ ነገር ዕድሜ ልክ አብሮ አይዘልቅም።

⚠️ ሐኪም ጋ ውሰዱት፦ ሲሮጥ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው፣ ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፤ ወይም ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያው አብጦ ካመመው። ይሄ የልብ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የልብ በሽታ ብዙ ልጆችን ይጎዳል። «ሰነፍ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና ለ20 ደቂቃ አብራችሁት ውጡ። ልጅ የሚሰማውን ሳይሆን የሚያየውን ነው የሚከተለው።

ለሌሎች ወላጆች እንዲደርስ ሼር አድርጉ።