ደመወዝ የሌለው ፖሊስ

ተማሪ ትራፊክ ስለሆንኩ "ደመወዝ የሌለው ፖሊስ" እያላችሁ የምታሾፉብኝ አላችሁ። ሰሞኑን የአንድ ድሮ የእንግሊዝ ባጅ ፎቶ አየሁ። ዘውድ አለበት፤ "ልዩ ኮንስታብል" ይላል። ስለሱ አነበብኩ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1914–1918) ብዙ ፖሊሶች ሲዘምቱ፣ ነጋዴውም ጸሐፊውም ከሥራ በኋላ ከተማውን ይጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ብዙዎቹ ዩኒፎርም ስላልነበራቸው ባጁን ኮታቸው ላይ ያደርጉ፣ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር። ቃለ መሐላ ስለፈጸሙ ግን ሌባ የመያዝ ሥልጣን ነበራቸው። እኔ ያለኝ "ቁም" የሚል ምልክት ብቻ ነው!

ሉዊ ናፖሊዮንም እ.ኤ.አ. በ1848 ለንደን ውስጥ ልዩ ኮንስታብል ነበር፤ ኋላ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ልዩ ኮንስታብሎች ዛሬም አሉ፤ ደመወዝም የላቸውም።

ነገ ጠዋት ዜብራው ላይ ነኝ። ምልክቱን ሳነሳ እባካችሁ ቁሙ።