በእጃችሁ ባለው ስልክ ጀምሩ

ሰኔ 2016 ዓ.ም. ጉግል በትርጉም አገልግሎቱ ላይ 110 ቋንቋዎችን በአንድ ጊዜ ሲጨምር ከመካከላቸው አንዱ አፋርኛ ነበር። ኩባንያው ያን ዕለት ባወጣው ጽሑፍ አንድ ደስ የሚል ነገር አክሏል፦ ከአዲሶቹ ቋንቋዎች ሁሉ የበጎ ፈቃደኞች አስተዋጽኦ የበዛው ለአፋርኛ ነው። አፋርኛ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ቋንቋዎች ጋር ሲነጻጸር የተናጋሪው ቁጥር ጥቂት ነው። ሆኖም አንድ ቃል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እያሉ ያዋጡ ሰዎች ከሁሉም ቀደሙ። ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያደርግላቸው አልጠበቁም።

ውድ የአፋር ክልል መምህራን፣ በሰመራና በሎጊያ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በገዋኔና በአሳይታ ጠመኔ ይዛችሁ የምትቆሙ ሁሉ፣ ይህ መንገድ ለእናንተም ክፍት ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ክፍል ውስጥ መቆም ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ፣ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ተከትሎ እንደሚሄድ፣ አንድን መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ማካፈል ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚህ ሁሉ መካከል «ቴክኖሎጂ ተጠቀሙ» የሚል ምክር ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ከልቤ የማምነው ሌላ ነው፤ አንድ ስልክ ብዙ የሚሠራው መጽሐፍ፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ባልተሟላበት ቦታ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ምናልባትም ተምራችሁበታል። ትምህርቱ በሳተላይት ከአንድ ማዕከል ይመጣል፤ ተማሪው ባይገባውም ስርጭቱ አይቆምም፤ ለመምህሩ የቀረው መግቢያውና ማጠቃለያው ነበር። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው መሣሪያ የሚሄደው በእናንተ ፍጥነት ነው። ታቆሙታላችሁ፣ ትደግሙታላችሁ፣ የሚጠቅመውን ትመርጣላችሁ፣ በልጆቹ ቋንቋ ታስረዱበታላችሁ። መሪው እናንተ ናችሁና ወደ ሥራው እንግባ።

አንድ ቀን አውርዱ፣ ዓመቱን ሙሉ አስተምሩ

የመጀመሪያው ብልሃት ኔትወርክ በተገኘበት ሰዓት ለማይኖርበት ሰዓት መዘጋጀት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጁት የተማሪ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች በፒዲኤፍ ወጥተዋል። የምታስተምሩትን ክፍል መጻሕፍት አውርዳችሁ በሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጡ። መጽሐፍ ያልደረሰው ተማሪ ወላጁ ስልክ ካለው፣ በብሉቱዝ ወይም በኩዊክ ሼር ያለ ምንም ዳታ ልትልኩለት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ኪዊክስ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑ። ሥራው ዊኪፔዲያን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማስነበብ ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ገና ትንሽ ስለሆነ ብዙ ቦታ አይወስድም። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈው ቅጂ ደግሞ በእንግሊዝኛ ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይስማማል፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ቃላቱም የተለመዱ ናቸው። በዚህ መንገድ ቤተ መጻሕፍት የሌለው ትምህርት ቤት መዝገበ ዕውቀት በኪሱ ይይዛል።

ትምህርት ቤታችሁ አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር ካለው ኮሊብሪ የተባለውን ሶፍትዌር ሞክሩ። ኮሊብሪ የተሠራው ኢንተርኔት ለማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ታስቦ ነው። የካን አካዳሚን የሒሳብና የሳይንስ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ትጭናላችሁ። ከዚያ በኋላ በዙሪያው ያሉ ስልኮችና ታብሌቶች በዋይፋይ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻ ተገናኝተው ይማራሉ። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የዳታ ወጪም የለም። ማን የትኛውን መልመጃ እንደሠራና የት ላይ እንደተቸገረም ለመምህሩ ያሳየዋል። መጫኑ ከከበዳችሁ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ሰመራ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር አንድ ፈቃደኛ ወጣት በግማሽ ቀን ሊያግዛችሁ ይችላል።

ለመሣሪያው ጤናም አንድ ምክር ላክል። በእኛ ሙቀት ስልክን ቻርጅ እያደረጉ ፀሐይ ላይ ወይም ትራስ ሥር ማስቀመጥ ባትሪውን በቶሎ ይገድለዋል። ማታ ወይም ማለዳ ቻርጅ አድርጉ፤ ከባድ ቪዲዮም በማለዳው ክፍለ ጊዜ አሳዩ።

ቤተ ሙከራው በደጃችሁ ነው

የትም አገር ያለ መምህር ሊቀናበት የሚገባ ሀብት አላችሁ፤ የምታስተምሩት፣ የሳይንስ መጻሕፍት ስለ ምድር ሲናገሩ በሚጠቅሱት በአፋር ምድር ላይ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ተደጋጋሚው የመሬት መንቀጥቀጥ ሕዝብ ከቀዬው እንዲወጣ አስገደደ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሰማይ ደረሰ። ተማሪዎቻችሁ ይህን በአካላቸው አውቀውታል። ማወቅ የሚፈልጉት ምክንያቱን ነው።

የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ድረ ገጽ በዓለም የሚደርሱ የመሬት መንቀጥቀጦችን ቦታ፣ ጥልቀትና መጠን በካርታ ላይ በነፃ ያሳያል። የአዋሽን አካባቢ መርጣችሁ ዝርዝሩን በምስል አስቀሩት። ተማሪዎቹ ነጥቦቹን በወረቀት ካርታ ላይ ሲያኖሩ የስምጥ ሸለቆው መስመር በራሳቸው እርሳስ ሥር ይወጣል። ትምህርቱ ጂኦግራፊም ነው፣ ሒሳብም ነው፤ ከዚህ በተጨማሪ ፍርሃትን በዕውቀት ይተካል።

ጉግል ኧርዝን ስታገኙ አዋሽን ከምንጩ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሳል፣ በቆቃ ግድብ ያልፋል፣ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ይነካል፣ በገዋኔ በኩል ወርዶ የአሳይታን እርሻ ያጠጣል፣ ከባሕር ሳይደርስም አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ጉዞውን በስልካችሁ የስክሪን መቅጃ ቅረጹት፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ክፍል ውስጥ ታሳዩታላችሁ።

ለኬሚስትሪና ለፊዚክስ ፌት የተባለው የምናብ ቤተ ሙከራ አለ። የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ነው። አብዛኞቹ ሙከራዎች አንድ በአንድ ወርደው ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታሉ። ሽቦና አምፖል ሳይገዛ ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፤ አሲድ ሳይነካ ፒኤች ይለካል። የፒኤቹን ሙከራ ስታሳዩ ስለ ዳሎል ምንጮች ንገሯቸው። እነዚያ ቢጫና አረንጓዴ ምንጮች የፒኤች መጠናቸው ወደ ዜሮ የሚጠጋ፣ በምድር ላይ እጅግ አሲዳማ ከሆኑት ውኆች መካከል ናቸው። መጽሐፉ ላይ በሎሚ ጭማቂ የሚጀምረው ምሳሌ በራሳቸው ክልል ይጠናቀቅ። ሒሳብ የምታስተምሩ ደግሞ ጂኦጀብራን ጫኑ፤ ግራፍና ጂኦሜትሪን እያንቀሳቀሱ ለማሳየት የሚስተካከለው ነፃ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

በልጆቹ ቋንቋ

በአፋርኛ ለሚማሩ ትንንሽ ልጆች የንባብ መጽሐፍ ማግኘት ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ እናንተ ደራሲ መሆን ትችላላችሁ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ በአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ሥዕላዊ ተረቶችን በነፃ ያቀርባል፤ ማንም መምህር ተረቱን ወደ ራሱ ቋንቋ መመለስም ሆነ አዲስ መጻፍ ይችላል። የአፋርኛ አጻጻፍ በላቲን ፊደል ስለሆነ ተራው የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ይበቃችኋል። ከተማሪ አያቶች የሰማችሁትን አንድ ተረት ጽፋችሁ ብታስገቡ፣ ከጅቡቲ እስከ ዱብቲ ያለ ልጅ ያነበዋል።

አፋርኛ የማትችሉ ከሌላ ክልል የመጣችሁ መምህራን የጉግልን ትርጉም እንደ መነሻ ተጠቀሙበት። አምስት ቁልፍ ቃላትን ከትምህርቱ በፊት አውጡ፣ ከዚያ አፋርኛ ተናጋሪ የሆነ ባልደረባችሁን ወይም ተማሪያችሁን አስተካክልልኝ በሉት። ማሽኑ ይሳሳታል፤ ልጁ ያርማል። ያን ዕለት ደግሞ ልጁ የመምህሩ መምህር ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለ ኩራት በቀላሉ አይጠፋም።

ጊዜያችሁን አስመልሱ

የሴሚስተር መጨረሻ ሲደርስ ማርክ ሊስትና ሮስተር ሲሞሉ የሚያድሩ ስንት መምህራን አሉ! ጉግል ሺትስ ወይም ኤክሴል ስልክ ላይ ይሠራል። የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር አንድ ጊዜ ጻፉ፤ ድምሩን በሰም፣ አማካዩን በአቬሬጅ፣ ደረጃውን በራንክ ቀመር አውጡ። ቀመሩን የመጀመሪያው ተማሪ ላይ ጽፋችሁ ወደ ታች ጎትቱት፤ በራንክ ግን ከመጎተታችሁ በፊት የውጤቶቹን ክልል በ$ ምልክት ቆልፉት። በዚህ የምታተርፉትን ምሽት ለዕረፍት ወይም ለደካማ ተማሪ ስጡት።

መጻፍ ለሚያደክማችሁም መላ አለ። የጉግል የድምፅ መጻፊያ ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አማርኛ ያውቃል። የስልኩን ማይክሮፎን ነክታችሁ የትምህርት ዕቅዳችሁን ተናገሩ፤ እሱ ይጽፋል፤ እናንተ ታርማላችሁ።

ቻትጂፒቲና ጄሚናይ የተባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም ፈተና ለማርቀቅ ያግዛሉ። ጥያቄያችሁ ግን ዝርዝር ይሁን፦ «ለ7ኛ ክፍል፣ ስለ ውኃ ዑደት፣ በአዋሽ ወንዝ ምሳሌ 10 የምርጫ ጥያቄ ከነመልሱ አዘጋጅልኝ» በሉት። ከዚያ እያንዳንዱን መልስ በመጽሐፉ አመሳክሩ፤ በእርግጠኝነት የተነገረ ስሕተት ከነሱ አይጠፋምና። የተማሪ ስምና የቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ ፈጽሞ አታስገቡበት። ረቂቁን ማሽን ይሥራው፤ ኃላፊነቱ የመምህሩ ነው።

ያገኛችሁትን አስተላልፉ

የአፋር ሕዝብ ኢንተርኔት ከመፈጠሩ በፊት የጠነከረ የመረጃ መረብ ነበረው፤ አለውም። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ስለ ዝናቡና ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙና ስለ ገበያው ይጠያየቃሉ፤ በዓይን የታየውን ከተሰማው ይለያሉ፤ የሰሙትንም ለሚቀጥለው ሰው በታማኝነት ማድረስ ግዴታቸው ነው። ዜናውን በሆዱ ይዞ የሚያልፍ ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠራል።

የመምህራን ቴክኖሎጂም በዚህ ሕግ ይሂድ። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ መምህር ያወረደው ለሁሉም ይድረስ። በዲፓርትመንታችሁ የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፤ የትምህርት ዕቅድ፣ ያለፉ ፈተናዎች፣ የተቀረጹ ቪዲዮዎች በክፍልና በምዕራፍ ተለይተው ይቀመጡበት። ዳታ እንዳይበላባችሁ በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ ፋይሎች በራሳቸው የሚወርዱበትን አማራጭ ዝጉ። አዋሽ ላይ ያለው መምህር ያዘጋጀው ፈተና ሰመራ ላለችው መምህርት ይጥቀማት፤ እሷ የተረጎመችው ተረትም ገዋኔ ይድረስ። የማታምኑበትን ነገር ግን አታስተላልፉ፤ ምንጩን ጠይቁ።

ራሳችሁንም አሳድጉ

ልጆቹን ስታስቡ ራሳችሁን አትርሱ። ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርቶችን ከምስክር ወረቀት ጋር በነፃ ለመስጠት የታቀደ ነው። ቴሳ የተባለው መድረክ ደግሞ ለአፍሪካ መምህራን የተዘጋጁ፣ ብዙ ተማሪ ያለበትን ክፍል ከግምት ያስገቡ የማስተማሪያ ሐሳቦች አሉት፤ ወርደው ይነበባሉ። ተማሪ የሆነ መምህር ተማሪውን በደንብ ይረዳል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ፤ ለዚህ ሳምንት ከላይ ካሉት አንዱን ብቻ ምረጡ። ሳይንስ ለሚያስተምር አንድ የፌት ሙከራ፣ ሒሳብ ለሚያስተምር ጂኦጀብራ፣ ቋንቋ ለሚያስተምር አንድ ተረት ይበቃል። ሥራውን ስትለምዱት ሁለተኛውን ጨምሩ። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሚመደብ በጀትም የለውም። ዛሬ ማታ አንዱን አውርዱ፣ ነገ አስተምሩበት፣ ከነገ ወዲያ ለባልደረባችሁ አስተላልፉ። ትችላላችሁ!