መርፌውና መገጣጠሚያው

የቁርጥማት ሐኪም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኪኒን የሚያዝና የደም ምርመራ የሚያነብ ሰው ነው። ነገር ግን ይህ ሐኪም፣ በሙያው ስም የሩማቶሎጂ ሐኪም የሚባለው፣ የእጅ ባለሙያም ነው። ካበጠ ጉልበት ፈሳሽ ይቀዳል፤ በዚያው ቀዳዳም መድኃኒት ይሰጣል። ይህ ሙያ እንዴት እንደሚለመድ የሕክምና ተማሪዎች በተለይ ልናስብበት ይገባል፤ የሌላ ፋኩልቲ ተማሪዎችም ጉልበት አላችሁና አትለፉት።

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ ኮርቲዞንን በመገጣጠሚያ ብግነት ለተያዘች ሕመምተኛ ሰጡ። ውጤቱ ዓለምን አስደነቀ፤ ሄንችም በ1950 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በመላ አካል ሲሠራጭ ጉዳቱ ብዙ ሆኖ ተገኘ። በ1951 የፊላዴልፊያው ጆሴፍ ሆላንደር ሃይድሮኮርቲዞንን በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ስለ መውጋት ጻፈ። የዛሬው ልማድ ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሕመምተኛው ተጋድሞ እግሩን ያላላል። ሐኪሙ የጉልበቱን ሎሚ ዳር በጣቱ ዳስሶ ያገኛል፤ ቆዳውን ያጸዳል፤ መርፌውንም ከጎን በሎሚው ሥር ያስገባል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቅደም ተከተል የትምህርቱ ሁሉ እምብርት ነው፤ ይኸውም መድኃኒት ከመጨመር በፊት ፈሳሹን ቀድቶ ማየት። የጤነኛ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ጥርት ያለና የሚለጠጥ ነው። ብግነት ሲኖር ይደፈርሳል፤ ጽሑፍ በስተጀርባው ቢያዙ አይነበብም። መግል ከመሰለ እጅ ወዲያው መቆም አለበት። ባክቴሪያ በገባበት መገጣጠሚያ ላይ ኮርቲዞን መጨመር የሰውነትን መከላከያ ማዳከም ነውና፤ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ማይክሮስኮፑም የራሱ ድርሻ አለው። በ1961 ማካርቲና ሆላንደር በሪህ ሕመምተኞች ፈሳሽ ውስጥ መርፌ የሚመስሉ የዩሪክ አሲድ ክሪስታሎችን አሳዩ።

እጅ ግን ይስታል። በ1993 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት በመዳሰስ ብቻ ከተሰጡት መርፌዎች መገጣጠሚያው ውስጥ የገቡት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ዛሬ አልትራሳውንድ መርፌውን በዓይን ለመከታተል ይረዳል። መልካም ነው፤ መውጋት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ግን አይመልስም።

ስለዚህ «ሃያ ጉልበት ወግቻለሁ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ለእኔ ማስረጃ አይመስለኝም። በፈሳሽ የተወጠረ ጉልበት ቀላል ነው፤ የእጅ አንጓ ግን ሌላ ነው። ተማሪው በጎማ ምስል ላይ ተለማምዶ፣ ከዚያም መምህር አጠገቡ ቆሞ እያየው ቢሠራ፣ ለምን እንደወጋም ቢጠየቅ ይሻላል። እምቢ ማለትንም ይማር። በ2017 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የጉልበት መገጣጠሚያቸው ለተበላሸ 140 ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ መርፌ ሰጠ። ኮርቲዞን መሰሉን ትራያምሲኖሎን ያገኙት በሕመማቸው ረገድ የጨው ውኃ ከተወጉት አልተሻሉም፤ የመገጣጠሚያቸው ልባስ ግን ይበልጥ ሳሳ።

ከመርፌው በኋላ አንድ ሁለት ቀን መጠዝጠዝ ያጋጥማል፤ ይበርዳል። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳትም ከተነሣ፣ ሕመምተኛው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን መመለስ እንዳለበት ከክፍሉ ሳይወጣ ሊነገረው ይገባል።