ወደ ወረታ የሚደወልበት ስልክ ስንት ሊከፈልበት ይገባል?

ወረታ የመገንጠያ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አስፋልት እዚህ ሲደርስ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ ይገነጠላል። ከፎገራ ሜዳ የተሰበሰበ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በዚሁ በኩል ተጭኖ ይወጣል። በገበያዋ ውስጥ የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምቶ ወዲያው ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የለም። «መጨረሻው ስንት ነው?» ይባላል፤ ሁለት እርምጃ ይራቃል፤ ሻጩ መልሶ ይጠራል፤ ወሬው እንደገና ይጀመራል።

በዚህ ገበያ ያደገ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፍራንክፈርት ወይም ለንደን ገብቶ የስልክ ኮንትራት ሲፈርም ግን ዝም ይላል። የተጻፈለትን ይከፍላል፤ በዓመቱ ሲጨመርበትም ይከፍላል። ቋንቋው እንቅፋት መሆኑ አይካድም። ዋናው ምክንያት ግን ልማድ ነው። ቴሌፎን ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንስቶ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ አገልግሎቱ በአንድ የመንግሥት ተቋም እጅ ቆይቷል። የተቋሙ ስም ቢቀያየርም ሕዝቡ «ቴሌ» ማለቱን አልተወም። ቴሌ ዋጋ ያወጣል፣ ሰው ካርድ ይሞላል። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ፣ የሞባይል ጥሪን በ40 በመቶ ሲቀንስ እንኳ ቅናሹ ከላይ የወረደ ነበር፤ ደንበኛው ተከራክሮ ያገኘው አልነበረም። ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ባሕር ዳርና ጎንደር ጥቂት ቀደም ብለው ኔትወርኩን አይተዋል። ከዚያ በፊት ከአገር የወጣ ሰው ለስልክ ድርጅት «ወደ ሌላው እሄዳለሁ» ብሎ የሚያውቅበት አጋጣሚ አልነበረውም።

ሌላ ኩባንያ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በእስራኤል የሚኖሩ የጎንደር ተወላጆች በቅርብ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የመገናኛ ሚኒስትሩ ሞሼ ካህሎን ገበያውን ለአዳዲስ ኩባንያዎች ከፈቱ። በዚያው ዓመት በግንቦት ጎላን ቴሌኮም በወር 99 ሼኬል ያልተገደበ ጥሪ ይዞ ገባ። ነባሮቹ ኩባንያዎች ለዓመታት «አይቻልም» ሲሉት የነበረውን ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ዝቅ አደረጉ። ዋጋው መውረድ የቻለው ደንበኛው መሄጃ ስላገኘ ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ ያለ ኢትዮጵያዊም ዛሬ ይህ መሄጃ በእጁ አለ፤ የሚጎድለው መጠቀሙ ነው።

ክርክሩ የሚጀመረው ግን ከኩባንያው ጋር አይደለም። መጀመሪያ ስልኩ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም መልሱ ያለው ፎገራ ነው። እናት የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ወይስ ቴሌግራምና ኢሞ የሚከፍት? የሚኖሩት ወረታ ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው መንገዱን በሚያጥለቀልቁበት ቀበሌ? ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት ቤታቸው ነው ወይስ ሰው ከተማ ሲሄድ ይዞላቸው? ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዙ እናት «ያልተገደበ ዳታ» የሚባለው ጥቅል አንዲት ደቂቃ አይሰጣቸውም። ኢንተርኔት ያለው ስልክ ቢይዙ እንኳ መስመሩ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ሲቆይ፣ በመተግበሪያ ብቻ ይገናኙ የነበሩ ቤተሰቦች ድምፅ ለመስማት ወደ ቀጥታ ጥሪ መመለስ ነበረባቸው። ስለዚህ ከዳታው ጎን ለጎን ወደ +251 በቀጥታ የሚያስደውል ርካሽ መንገድ መያዝ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። በአሜሪካ «አንሊሚትድ» ተብሎ የሚሸጠው ጥሪ በአብዛኛው የአገር ውስጡን ነው። ዓለም አቀፍ ጥሪ የሚጨምረው ጥቅልም የአገሮች ዝርዝር አለው፤ ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ የምትወጣበት ወይም በደቂቃ ተለይታ የምትከፈልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመፈረም በፊት ኢትዮጵያን በስሟ ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ በ09 ወደሚጀምር ቁጥር ደቂቃው ስንት ነው? በ07 ወደሚጀምረውስ? በ058 ወደሚጀምረው የቤት ስልክስ? ሰላሳ ሰከንድ ሲወራ እንደ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል ወይ? ደግሞም የጎንደር ሰው ስልክ አጭር አይደለም። ጤና ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ሩዙ ይጠየቃል፤ ከዚያ ስልኩ ከእናት ወደ አክስት፣ ከአክስት ቡና ልትጠጣ ወደ መጣች ጎረቤት ይዞራል። ሰላምታው ብቻ ብዙ ደቂቃ ይበላል፤ እሱን ለማሳጠር መሞከር ደግሞ ቅሬታ ያመጣል። የጥሪው ወጪ መታቀድ ያለበት ይህን ቆጥሮ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉ ከስልክ ኩባንያው ውጭ ያሉ መንገዶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በስቶክሆልም የተመሠረተው ሬብቴልና መሰሎቹ ወደ አገር ቤት የሚደወልበትን ደቂቃ ለብቻው ይሸጣሉ፤ እንደ ዲንግ ያሉት ደግሞ ለቤተሰብ ስልክ ካርድ ከውጭ ሆኖ ለመሙላት ያስችላሉ። ቤተሰብ በተሞላለት ካርድ በ*999# የሚስማማውን ጥቅል ራሱ ይገዛል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ያሉ እህቶች ሁኔታ የተለየ ነው፤ እዚያ የዋትሳፕ የድምፅ ጥሪ የተዘጋ በመሆኑ እንደ ቦቲም ያለ ፈቃድ ያለው መተግበሪያ ክፍያም በወጪው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሁን ሂሳቡ ይገለጥ። ለምሳሌ ያህል በሜሪላንድ የሚኖር አንድ የወረታ ልጅ 65 ዶላር ብሎ የፈረመበት መስመር 130 ዶላር መጣበት እንበል። ወረቀቱ መስመር በመስመር ሲነበብ፦ ጥቅሉ 65፣ የስልኩ ወርሃዊ ክፍያ 22፣ ኢንሹራንስ 15፣ ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ 9፣ ወደ ኢትዮጵያ የተደወለ 19። ኩባንያው ሊደራደርበት የሚችለው 65ቱን ነው። ኢንሹራንሱን ግን ባለቤቱ ራሱ ማስቀረት ይችላል፤ ስልኩ ያረጀ ከሆነ በዓመት 180 ዶላር ለኢንሹራንስ መክፈል አያዋጣም። 19ኙም ደቂቃው በሌላ መንገድ ሲገዛ ይወርዳል። ከኩባንያው ጋር ሳይነጋገሩ ሊነኩ የሚችሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከአፕሪል 10 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ዋጋውን፣ ተጨማሪ ክፍያውንና የዳታውን ገደብ የሚያሳይ መግለጫ ከሽያጭ በፊት እንዲያሳዩ ይገደዳሉ፤ ይህን መግለጫ መጠየቅ መብት ነው።

የስልኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን ወጥመድ አለው። «ነፃ ስልክ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በ36 ወር የተከፋፈለ ቅናሽ ነው። በ14ኛው ወር የወጣ ሰው የቀሪውን 22 ወር ዕዳ ራሱ ይከፍላል። ስለዚህ ኩባንያ ለመቀየር ከማሰብ በፊት «ከስልኬ ላይ ስንት ቀረኝ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የቀረው ከሚገኘው ቅናሽ ከበለጠ ጥቂት ወር መታገሥ ይሻላል።

ከዚያ ዋጋ መጠየቅ ነው። በአሜሪካ የራሳቸው ኔትወርክ ያላቸው ትልልቆቹ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቬራይዘንና ቲ-ሞባይል ናቸው። በእነዚሁ ማማዎች ላይ ተንጠልጥለው በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ስሞች አሉ፤ ቪዝብል በቬራይዘን፣ ክሪኬት በኤቲ ኤንድ ቲ፣ ሚንት በቲ-ሞባይል ኔትወርክ ይሠራሉ። ኔትወርክ በተጨናነቀ ሰዓት የርካሹ ደንበኛ ዳታ ሊዘገይበት ይችላል፤ የዋጋው መርከስ የሚያስከፍለው ይኸው ነው። ገና ለገባ ሰው ደግሞ ቅድመ ክፍያ የሚባለው ጥቅል ሌላ ጥቅም አለው፦ የክሬዲት ታሪክ አይጠየቅም፣ ከወር ያለፈ ኮንትራትም አያስርም። በቁጥር በዝቶ አንድ አካውንት መክፈትም ዋጋ ይቀንሳል፤ አራት የአክስት ልጆች በአንድ አካውንት ሲገቡ ለየራሳቸው ከሚከፍሉት ያነሰ ይደርሳቸዋል። ይሁን እንጂ አካውንቱ በስሙ የተከፈተው ሰው የሁሉም ዕዳ ተጠያቂ ነው። አንዱ ሥራ ፈቶ ክፍያ ሲያቆም የሚበላሸው የእሱ ክሬዲት ነውና፣ በዝምድና የሚጀመረው ነገር የክፍያ ቀኑ ተነጋግሮ ይጀመር።

ሌላ ኩባንያ የሰጠው ዋጋ በጽሑፍ ሲያዝ ወደ ነባሩ ይደወላል። ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሳው ሠራተኛ ቅናሽ የመስጠት ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። ደንበኛ እንዳይሄድ የሚያግባባ ክፍል ግን በየኩባንያው አለ፤ ወደዚያ የሚያደርሰው «ልወጣ እያሰብኩ ነው» የሚለው ቃል ነው። «አሁን አቋርጡልኝ» ግን መባል የለበትም፤ መስመሩ ከተቋረጠ ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «ሦስት ዓመት ደንበኛችሁ ነኝ፤ ክፍያ አጓድዬ አላውቅም። ይህንኑ አገልግሎት ሌላ ኩባንያ በ40 ዶላር ይሰጠኛል። መቆየት እፈልጋለሁ፤ እናንተ ምን ታደርጉልኛላችሁ?» ከዚያ ዝም ማለት ነው። በዝምታው መካከል ምክንያት እየጨመሩ ራስን ማስረዳት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቅናሽ የመጨረሻው መሆኑን መጠየቅ፣ ቅናሹ ለስንት ወር እንደሆነ ማስነገር፣ አዲስ ኮንትራት እንደማያስር ማረጋገጥ፣ የሠራተኛውን ስምና ቀኑን መጻፍ፣ በጽሑፍ እንዲልኩ ማድረግ። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግረው ሰው በድረ ገጽ የሚደረገው የጽሑፍ ውይይት የተሻለ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል፣ የተባለውም ተጽፎ ይቀራል። በውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ቢያስተረጉምም አካውንቱ የወላጅ እስከሆነ ድረስ ወላጅ በአንደበቱ ፈቃድ መስጠት አለበት።

ካልቀነሱ መሄድ ነው። በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ያለው ፍርሃት «እናቴ የምታውቀው ቁጥር ይጠፋል» የሚል ነው። አይጠፋም። በአሜሪካ የሞባይል ቁጥርን ይዞ መውጣት ከኖቬምበር 2003 ጀምሮ የተፈቀደ ሲሆን፣ ቀላሉ ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን እንዲያልቅ ይጠበቃል። ያልተከፈለ ዕዳ ቢኖር እንኳ ነባሩ ኩባንያ ቁጥሩን ይዞ ማስቀረት አይችልም፤ ዕዳው ግን ይከተላል። ከነባሩ የአካውንት ቁጥርና የማዛወሪያ ፒን ተቀብሎ ለአዲሱ መስጠት ብቻ ነው፤ መስመሩን የሚዘጋው ዝውውሩ ራሱ ነው። በብሪታንያ ከጁላይ 2019 ወዲህ ከዚህም ቀሏል፦ ፒ፣ ኤ፣ ሲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ወደ 65075 መላክ፣ በሚመጣው ኮድ በ30 ቀን ውስጥ መዛወር። የማግባቢያ ስልክ የለም። ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲል ከ10 እስከ 40 ቀን ቀድሞ ኩባንያው ማሳወቅና የተሻለ ዋጋውን መንገር አለበት፤ ያ መልእክት ሳይነበብ የሚሰረዝ ማስታወቂያ አይደለም፤ የክርክሩ ቀን መድረሱን የሚናገር ነው።

በጀርመን ያለ ሰው ከዲሴምበር 1 ቀን 2021 በፊት የነበረውን ያስታውሳል፤ የስንብት ደብዳቤ የዘነጋ ደንበኛ ለተጨማሪ ዓመት ይታሰር ነበር። አሁን የመጀመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይቻላል። ካናዳ ውስጥ ሁለት ዓመት የሞላው ኮንትራት ያለ ቅጣት ይፈርሳል፤ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮም ስልኮች ሳይቆለፉ ይሸጣሉ። ይህ ወደ ወረታ ለሚሄድ ሰው ትልቅ ነገር ነው፦ ያልተቆለፈ ስልክ የያዘ ባሕር ዳር እንደ ደረሰ የአገር ቤት ሲም አስገብቶ በአገር ቤት ዋጋ ይደውላል፤ የተቆለፈ የያዘ ግን በውጭው ሲም ሮሚንግ ይከፍላል። ስልክ ሲገዛ «መቼ ይከፈታል?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው እኩል መጠየቅ አለበት።

ቃል ተገብቶ ሳይፈጸም ሲቀር፣ ለምሳሌ የተባለው ቅናሽ በሂሳቡ ላይ ሳይታይ ሲቀር፣ በአሜሪካ ለፌዴራል ኮሙዩኒኬሽንስ ኮሚሽን በነፃ ማመልከት ይቻላል፤ በድረ ገጹ ወይም በ1-888-225-5322። አቤቱታው ለኩባንያው ይላካል፤ ኩባንያውም በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ እንዲሁም ሜዲኬይድ ወይም የምግብ ድጋፍ ለሚያገኙ ቤተሰቦች ላይፍላይን የሚባለው ፕሮግራም በወር እስከ 9.25 ዶላር ይደግፋል፤ ይህን ሳይጠይቁ ዓመታት የሚያልፉባቸው አዲስ ገቢ ቤተሰቦች አሉና የማመልከቻ ቅጹን ከሥራ ፍለጋው ጋር አብሮ መሙላት ይገባል።