በየትኛውም ዓምድ የሚገኝን ቃል ይዞ ረድፎችን ማጣራት

ሜርኩሪ፣ በአማርኛ መጠሪያው ባዜቃ፣ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ረጅም ታሪክ አለው። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 ለባሮሜትሩ የተጠቀመው በዚሁ ፈሳሽ ብረት ነበር። ይሁንና ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት ሳይቀር ይተናል፤ ትነቱም ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ቤተ ሙከራ ሜርኩሪ ያለባቸውን መሣሪያዎች አንድም ሳይቀር ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ብዙ ረድፎች ካሉት የንብረት መዝገብ እነዚህን ነጥለን የምናወጣው እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፍ የኤክሴልን ሠንጠረዥ ምሳሌ አድርገን መልሱን እንመለከታለን።

መዝገባችን ከኤ እስከ ኤፍ ስድስት ዓምዶች አሉት እንበል፦ የዕቃው ስም፣ መለያ ቁጥር፣ መግለጫ፣ ክፍል፣ የተገዛበት ዓመትና አስተያየት። በአንደኛው ረድፍ «የሜርኩሪ ባሮሜትር» የሚለው በስም ዓምድ ተጽፏል። በሁለተኛው ስሙ «ቴርሞሜትር» ብቻ ሲሆን ሜርኩሪ የሚለው ቃል ያለው በመግለጫው ነው። በሦስተኛው ደግሞ ቃሉ የሚገኘው በአስተያየቱ ነው፤ «ተሰብሮ ሜርኩሪ የፈሰሰበት» ይላል።

ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የምንሞክረው በየዓምዱ አናት ላይ ያለውን ማጣሪያ ነው። ነገር ግን በሁለት ዓምዶች ላይ ስናጣራ ኤክሴል ሁኔታዎቹን የሚያያይዛቸው በ«እና» ነው። ቃሉ በስምም በመግለጫም ካልተገኘ ረድፉ ይደበቃል፤ በምሳሌያችን ሦስቱም ይጠፋሉ ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው «ወይም»ን ነው።

መፍትሔው ረድፉን በሙሉ የሚጠይቅ አንድ ረዳት ዓምድ መጨመር ነው። ቁልፍ ቃሉን በኬ1 ሴል እንጻፍ። ከዚያም በጂ2 ሴል የሚከተለውን ቀመር እናስገባ፤ በኮምፒውተሩ ላይ የፋንክሽኑና የዓምዶቹ ስም በላቲን ፊደል ይተየባል።

=ካውንትኢፍ(ኤ2:ኤፍ2,"*"&$ኬ$1&"*")

የኮከብ ምልክቶቹ ከቃሉ በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ጽሑፍ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታሉ። የዶላር ምልክቶቹ ቀመሩ ወደ ታች ሲቀዳ ኬ1 እንዳይለወጥ ያደርጋሉ። ውጤቱ ቃሉ የተገኘባቸው ሴሎች ብዛት ነው። አሁን በጂ ዓምድ ከ0 በላይ የሆኑትን ብናጣራ ሦስቱም ረድፎች ይወጣሉ። በኬ1 ያለውን ቃል ወደ «ባዜቃ» ስንለውጥ ማጣሪያውን እንደገና ማዘዝ እንዳለብን አንዘንጋ፤ የተደበቁት ረድፎች በራሳቸው አይመለሱምና። በተጨማሪም ይህ ቀመር የሚፈልገው በጽሑፍ መካከል ነው፤ 760 በቁጥርነት ከተመዘገበ በዚህ መንገድ አይገኝም።

ለአማርኛ መዝገብ ከዚህ የከበደ ችግር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አግኝቷል፦ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ለኮምፒውተሩ ሦስት ናቸው። «ፀሐይ»ን ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በ2 መንገድ (ፀ፣ ጸ)፣ ሁለተኛው በ6 መንገድ (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል በጠቅላላው 12 አጻጻፎች ይኖራሉ። አንዱን ብቻ የጠየቀ ሰው ሌሎቹን አስራ አንዱን አያይም። «ሜርኩሪ»ም ቢሆን «ሜርኪዩሪ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ስለሆነም ከፍለጋው በፊት በመዝገቡ ቅጂ ላይ «ፈልገህ ተካ» በሚለው ትእዛዝ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት፣ ቁልፍ ቃሉንም በዚያው አጻጻፍ መጻፍ፣ የቃሉን ልዩ ልዩ መጠሪያዎችም በየተራ መሞከር ይገባል።

በልኬት ትምህርት መሣሪያው ዜሮ ሲያሳይ የሚለካው ነገር የለም ማለት እንዳልሆነ፣ ከመሣሪያው የመለየት አቅም በታች ሊሆን እንደሚችል እናስተምራለን። ፍለጋም ልኬት ነው። ረዳት ዓምዱ ከላይ እስከ ታች 0 ሲያሳይ ቤተ ሙከራው ከሜርኩሪ ነፃ ነው ብለን ከመፈረማችን በፊት፣ ጥያቄውን በምን ፊደልና በምን ቃል እንዳቀረብን እንመርምር።