ዘውዱን ለቅቆ ጆንያውን መያዝ፦ የሁጎ «ንጉሡ ይዝናናል» ተውኔት ወደ «ሪጎሌቶ» ሲሻገር

የቪክቶር ሁጎ «ንጉሡ ይዝናናል» ተውኔት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1832 ፓሪስ ውስጥ በቴአትር ፍራንሴ አንድ ምሽት ብቻ ታይቶ ታገደ። በይፋ የተሰጠው ምክንያት ሥነ ምግባርን ይጥሳል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ በመድረኩ ላይ ሴሰኛ ሆኖ የሚታየው የፈረንሳይ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንስዋ በመሆኑ፣ እገዳውን ከዘውዱ ክብር ነጥሎ ማየት ያስቸግራል። ሁጎ የ1830ው ቻርተር ሳንሱር ዳግም እንዳይቋቋም መደንገጉን ጠቅሶ ቢከራከርም ተረታ፤ ተውኔቱ እንደገና ለመድረክ የበቃው በ1882 ነው።

በዚህ መካከል ታሪኩ በሌላ መልክ ዓለምን ዞሯል። ጁሴፔ ቬርዲ ከባለቅኔው ፍራንቼስኮ ማሪያ ፒያቬ ጋር ለቬኒስ ኦፔራ አድርጎ ሲያዘጋጀው፣ በከተማዋ የነበረው የኦስትሪያ ሳንሱር በ1850 መጨረሻ ከለከለው። ለማስታረቂያ የቀረበው ረቂቅ የቤተ መንግሥቱን ቀልደኛ ጉብጠት የሚያስቀር፣ ልጁ የምትቋጠርበትን ጆንያም የሚያስወግድ ነበር። ቬርዲ ንጉሡ የማንቱዋ መስፍን፣ ትሪቡሌ ሪጎሌቶ፣ ብላንሽ ጂልዳ ይባሉ ቢባል ፈቀደ፤ ጉብጠቱንና ጆንያውን ግን አልለቀቀም። ኦፔራው በማርች 1851 ታየ።

ይህ ምርጫ የተውኔቱ ኃይል ከወዴት እንደሚመነጭ ያመለክታል። ሁጎ ራሱ በመቅድሙ እውነተኛው ጭብጥ የአረጋዊው ሴን ቫልየ እርግማን መሆኑን ገልጿል፤ ቬርዲም ሥራውን መጀመሪያ «እርግማኑ» ብሎት ነበር። በሌላ ሰው ልጅ መደፈር ያላገጠ አባት በገዛ ልጁ ይቀጣል። ለዚህ የፈረንሳይ ዘውድ የግድ አያስፈልግም፤ ሁለቱም መንግሥታት የፈሩት ሌላ፣ ተመልካቹን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው።

በእርግጥ የጠፋ ነገር አለ። ትሪቡሌ ከእግሩ ሥር የንጉሥ ሬሳ ያለ መስሎት የሚያሰማው ረጅም ፉከራ በኦፔራው ወደ ጥቂት ስንኞች ወርዷል፤ ከፉከራው ጋር የተውኔቱ ፖለቲካዊ ንዴትም ሄዷል። በምትኩ የተገኘው ባለአራት ድምፁ ዝማሬ ነው። በተውኔቱ ውስጥ በመጠጥ ቤቱ የሚያሽኮረምመው ንጉሥና በግድግዳው ስንጥቅ የምታየው ብላንሽ ተራ እየጠበቁ ይናገራሉ። ሙዚቃው ግን ማባበሉን፣ ፌዙን፣ ለቅሶውንና የበቀል ዛቻውን በአንድ ቅጽበት ያሰማል፤ ንግግር ይህን ማድረግ አይችልም።

ጆናታን ሚለር በ1982 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ባዘጋጀው ትርኢት መስፍኑ የኒውዮርክ ማፍያ አለቃ ሆኗል። መስፍንነቱ እንኳ ሲቀር የአባትየው ጥፋት አልተነካም።